እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል

ያኔ በእኛ አገር ድሃ አልነበረም፤ የአመለካከት ችግር ያለበት ሰው ብቻ ነበር። ውሃ ጠፋ ብላችሁ ብታማርሩ አመለካከታችሁ ነው። ዲግሪ ይዛችሁ ቤት ብትውሉም አመለካከታችሁ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ሥራ ያጣል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔም አላሰብኩም ነበር።

ሳይኮሎጂን መርጬ አልገባሁም፤ ደረሰኝ። ከገባሁ በኋላ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ወደድኩት። ቡታጅራ ላይ በርበሬ የሚነግደው አባቴ እስክመረቅ ድረስ ምን እንደምማር አልገባውም። ሰው ሲጠይቀው "የልብ ነው" ይላል፤ ሰውየው "ማሻአላህ፣ የልብ ሐኪም!" ሲል አያርመውም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር "እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?" እያሉ ያደርቁኛል። የሰው ሐሳብ ማወቅ ብችል ኖሮ ኋላ የደረሰብኝ ባልደረሰብኝ ነበር።

ተመርቄ ቤት ተቀመጥኩ። ምኞቴ አንድ ነበር፤ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ መሆን። ቦታው ክፍት ነው፣ አመልክቻለሁ፣ መልስ ግን የለም። አብሮ አደጌ ዘይነባም እንደኔው ነበረች። ፊዚክስ ተምራ፣ ለመምህርነት አመልክታ፣ "ትጠሪያለሽ" ተብላ ስልኳን ስታይ ትውላለች።

አንድ ቀን ሥራ አጥ ምሩቃን በሙሉ ለአመለካከት ለውጥ ሥልጠና አዳራሽ ተጠራን። ድንጋይ ጠርበን ኮብልስቶን እንድናነጥፍ፣ ሥራ እንዳንንቅ ሊያስተምሩን ነው። አሠልጣኙ የከተማው ኃላፊ ሳይኮሎጂ መማሬን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ታዲያ ይሄ ያንቺ ሙያ አይደል እንዴ! ነገ አንቺ አወያያቸው። የአማካሪነቱንም ነገር እናያለን" አለኝ። ጮቤ ረገጥኩ።

በማግስቱ እንደተማርኩት ወንበሮቹን ክብ አስደረደርኩ። ሁሉም በየተራ፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ የሚሰማውን እንዲናገር ጋበዝኩ። "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል" አልኳቸው። ከልቤ ነበር፤ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነዋ! ኃላፊው ጥግ ላይ ተቀምጦ አገጩን ደግፎ ያዳምጣል። ዘይነባ አየችኝ፤ "አይዞሽ፣ ተናገሪ" አልኳት።

"እኔ ድንጋይ መጥረብ አልናቅኩም" አለች። "የመስቃን ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ምን እንቃለሁ? የናቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። መምህርነቱን ፊዚክስ ላልተማረ ዘመዳችሁ ልትሰጡ ነው አሉ፤ እኔን አመለካከትሽን ቀይሪ ትሉኛላችሁ!"

እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ዓመት ሙሉ ታፍኖ የከረመ ብሶት ሁሉ ወጣ። መጽሐፍ ላይ ብቻ ያነበብኩትን እፎይታ በዓይኔ አየሁትና ደስ አለኝ።

ኃላፊውም ደስ ብሎታል። ሲያበቃ እጄን ጨብጦ፣ "እኛ በስንት ግምገማ ያላወጣነውን አንቺ በአንድ ጠዋት አወጣሽው!" አለኝ።

ክው አልኩ። "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል ብያቸዋለሁ እኮ!"

"ይቀራል እንጂ!" አለ እየሳቀ። "ከእኛ ከመስተዳድሩ ወዴት ይወጣል?"

ዘይነባ አልተጠራችም። "አመለካከቷ ገና ነው" ተባለች። እኔ ግን ለአማካሪነቱ ተጠራሁ። ልሂድ ወይስ ልተው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና፣ ሄድኩ። ቢሮ ተሰጠኝ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬው ቀድሞኝ ትምህርት ቤት ገብቶ ጠበቀኝ። መምህራን እየጎተቱ የሚያመጡት ተማሪ እንኳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይልና "ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ" ብሎ ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ ችግር አለብኝ ያለ ተማሪ ባለመኖሩ ሞዴል ሠራተኛ ተብዬ ተሸለምኩ። ተጨበጨበልኝ።

ከሽልማቱ ስወጣ ዘይነባን መንገድ ዳር ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ድንጋይ ስትጠርብ አገኘኋት። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ወላሂ፣ ብትሰድበኝ እቅፍ አደርጋት ነበር። "ዘይነብዬ፣ እንዴት ነሽ?" አልኳት።

መዶሻዋን አስቀመጠች። አቧራዋን አራግፋ፣ እንደ እንግዳ ብድግ አለችልኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አለች። "እርስዎስ ደህና ነዎት?"