ሥዕል ላይ አቧራ የሚነሰንሰው ጓደኛዬ

ሰው ሥዕሉን ለማሳመር ሲለፋ ለማቆሸሽ የሚለፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለኝ፤ በረከት ይባላል። መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በፎቶሾፕ ይሥላል። ጥላው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ «ነፍስ የለውም» ይላል። ሙሽራ ሣል ቢሉት እንኳ ጉንጯ ላይ አሸዋ ይበትናል!

ያኔ የባቡሩ መንገድ ሲቆፈር ለአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ የተሣለበት የልማት ባነር ሠራ። ሲያስረክብ አብሬው ሄድኩ። ኃላፊው ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ።

«አዲሱ ሕንፃ ለምን ቆሸሸ? ምን ለማለት ፈልገህ ነው?»

«ምንም ጋሼ፣ የጥላ አሠራር ነው።»

«ልማታችን አቧራ የለውም። አጥፋው!»

አጠፋው። ባነሩ እንደ መስታወት ጠርቶ በሚቆፈረው መንገድ ዳር ተሰቀለ።

በሳምንቱ በአስቸኳይ ተጠራን። ኃላፊው ከባነሩ ሥር ቆመው ይጠብቁናል።

«መልሰህ ጨመርክበት አይደል? በማን ፈቃድ?»

እኔ በዓይኔ ወደ ወሰን ሰፈር የሚሄድ ታክሲ መፈለግ ጀምሬያለሁ። በረከት ግን ባነሩን በጣቱ ጠረግ አደረገው። ጣቱ ላይ አፈር ተከመረ፤ ሥዕሉ ላይ ንጹሕ መስመር ቀረ።

ኃላፊው ጣቱን አዩ፤ የተቆፈረውን መንገድ አዩ፤ ግራ ቀኝ ተገላመጡና በሹክሹክታ፣

«ጣትህን ቶሎ ታጠብ» አሉት፤ «ሰው እንዳያይህ!»