በሰው አፍ የሚበሉት ልብስ ሰፊ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት በላተኛ አለ፤ በገዛ አፉ የሚበላና በሰው አፍ የሚበላ። የመጀመሪያው ሲጠግብ ይነሳል። ሁለተኛው ግን ጥጋብን የሚያውቃት በሌላ ሰው ሆድ ስለሆነ መነሻም የለው።

የዚህ የሁለተኛው ወገን አለቃ ክቡር ጋሼ ድቡልቡል ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሆዳቸው ቀድሞ ካልደረሰ እጃቸው ስፌት መኪናው ላይ በማይደርስበት ዘመን ነው። ኋላ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አስጠበቡ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ስማቸው ግን ሊከሳ አልቻለም። አሁን ትንሽ ሾርባ ሲቀምስ "በቃኝ" የሚል ሆድና፣ ድስቱን ገልብጦ ካላየ "በቃኝ" የማይል ዓይን ይዘው ይኖራሉ።

መከራው የወረደው አጠገባቸው በምትሰፋው ባልደረባቸው ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ሙሉ ሳህን አዝዘው ፊቷ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።

"ብዪ እታለም። ቀስ ብለሽ አኝኪ።"

"ጋሼ፣ እንዲህ አፍጥጠው ሲያዩኝ እኮ አይወርድልኝም።"

"የኔ አለመውረድ ይበቃል። ይልቅ ምን ምን ይላል?"

"ድንች ድንች።"

"እሱንማ እኔም አያለሁ! ሥጋው ጋ ስትደርሺ ንገሪኝ።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እሳቸው ሱሪያቸውን ሲያጠብቡ እሷ ቀሚሷን ስታሰፋ ከረሙ። የሱሪያቸው የኋላ ኪሶች ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አንድ መሐረብ ለሁለት ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም።

አንድ ጊዜ ቀሚሷ ያማረላት ሙሽራ ኬክ አመጣች። ጣፋጭ እንዳይነኩ ሐኪሙ አስጠንቅቋቸዋል፤ ግን ማን ሰምቶት! ባልደረባቸው ዞር ስትል አንድ ቁራሽ ዋጥ አደረጉ። ወዲያው ልባቸው እንደ መኪናው መርፌ ይመታ ጀመር፤ ላብ አጠመቃቸው፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘረሩ። በዚህ መሃል ደንበኛ ገባና "ኧረ ሰውየው ምን ሆነዋል?" ብሎ ጮኸ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ሐሙስ ይደርስልሃል" አሉት።

ባልደረባቸው ላገኘችው ሰው ሁሉ ታማቸው ነበር። "ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለው ቢያስበሉኝ!" ትላለች።

አንድ ቀን ዝም አሉ። ሳህኑን አስቀመጡላትና ዞር ብለውም አላዩት። በማግስቱም እንዲሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ይህን ዝምታ አልሰማውም። ውሃ በተጎነጩ ቁጥር "ክር ላምጣ" ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ግን ዓይናቸው ቀልቶ፣ እጃቸው ባዶ ነው።

"ጋሼ፣ ክሩ የታለ?"

ጋሼ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ጋሼ!"

"ውሃም አልወርድ አለኝ፣ እታለም። የቀመስኩት ሁሉ ይመለሳል።"

"ታዲያ ለሐኪሙ አይነግሩም?"

"ደህናውን ጨርቅ ቀደህ አበላሸህ ይሉኛል ብዬ።"

ፈራች፤ ከፍርሃቷ የተነሳም ተቆጣች። "እርስዎ ጨርቅ ነዎት እንዴ!" ብላ ሱቁን ቆለፈችና እጃቸውን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሰውነታቸው ውሃ አጥቶ ሊሞቱ ይችሉ እንደነበር ተነገራት። ጨጓራቸው የተሰፋበት ቦታ ሲድን ጠባሳው መተላለፊያውን አጥብቦት ኖሯል። በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብተው አሰፉላቸው።

ጋሼ አገግመው ሲመለሱ ገና ከበሩ ጀምሮ ይራገማሉ። "የዛሬ ዘመን ሐኪም! ሲሰፋ ትንሽ ትርፍ እንኳ አይተውም!"

ምሳ ደረሰ። የተፈቀደላቸውን ሾርባ በሻይ ማንኪያ ቀመሱ። እስኪወርድ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ወረደ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ሳህኗ ጎትተው አስጠጉ።

"ምን ምን ይላል?"

እንባዋ መጣ፤ በርበሬው ነው ብላ አሳበበች። ከዚያ ጨዉን፣ ጥብሱን፣ ያረረውን ጫፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ራሷ ተነስታ ድጋሚ አዘዘች።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ የቀሚሷን ወገብ አስቀድማ አስፍታ ነበር የመጣችው።