የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዝምታ

የሰው ጉዳይ የራሷ ጉዳይ የሆነባት ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም፤ ካለም ገና ሰው አልሰፈረበትም። ሰቆጣ ላይ የእኛ ሰፈር ድርሻ ክብርት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው።

ዱሮ ችግረኛን የሚያስታውሱት የንስሐ አባትና ሰንበቴ ነበሩ። በድርቁ ዘመን ዱቄት የጫኑ መኪኖች መጡ፤ ማን እንደራበው የሚጠይቅ ሠራተኛም አብሮ መጣ። ኋላ ነገሩ ትምህርት ሆነ፣ ዲግሪ ተሰጠበት፤ "ማኅበራዊ ሠራተኛ" የሚባል ሙያም ከተማችን ገባ። እትዬ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ሹመትና ያለ ደመወዝ ተሻግረዋል። ቤት ለቤት ዞረው የታመመውን፣ የተጣላውን፣ ማጀቱ የጎደለበትን ያውቃሉ፤ ያወቁትንም ለአገር ያውጃሉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። እውነትም በሳቸው ወሬ ስንቱ እህል አግኝቷል፣ ስንቱ ታርቋል።

በአቶ ምሳው ላይ ግን ሳቱ። አቶ ምሳው ፍየሎቻቸው በድርቅ አልቀውባቸው ከአበርገሌ የመጡ ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ በሰንበቴው መካከል፣ ጠላው ገና ሳይዞር፣ ምሳው ጦሙን እያደረ ነው ብለው አወጁ። ሰው እህል ይዞ ጎረፈ። ጋብዘው እንጂ ተመጽውተው የማያውቁት ሽማግሌ በራቸውን ቀረቀሩ። በማግስቱም አልከፈቱም፤ እህሉ ደጃፉ ላይ እንደተከመረ ቀረ።

እትዬ ጨነቃቸው፤ ሰውየው ቢሞቱ የገደላቸው የእሳቸው ምላስ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዓይናዲስ ዘንድ ሄዱ፤ ሰውን መስማትም ትምህርት ሆነ እንዴ እያሉ የሚያሾፉባት ልጅ ናት። እሷ ግን አልሳቀችባቸውም። የሰው ገመና ያለ ፈቃዱ እንደማይወጣ አስረድታ፣

"እማማ፣ እህሉን ያንሡና ደጃቸው ይቀመጡ። አይለምኗቸው፣ አይምከሯቸው። መናገር ሲፈልጉ እሳቸው ይጀምሩ" አለቻቸው።

ማለዳ እትዬ እህሉን አንሥተው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ፀሐዩ ከረረ። ከውስጥ ሳል ሲሰሙ "ይማርዎ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና በነጠላቸው ያዙት።

በሩ ገርበብ አለ። አቶ ምሳው ደንግጠው አንገታቸውን አወጡ።

"ወለተ ጊዮርጊስ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? አመመሽ እንዴ?"

እትዬን እንባ ቀደማቸው። ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ውኃ ቀዱላቸው፣ የቀረቻቸውን ጭብጥ ቆሎም አቀረቡ። እንግዳ ብቻውን አይበላምና አብረው ቆረጠሙ።

ይህን ያጫወቱን አቶ ምሳው ራሳቸው ናቸው። እትዬማ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉም፤ አንጀታችንን የበሉትም ለዚህ ነው።