ጋሽ ወልዴ የዘጉት መስኮት

የአገሬን ሰው ከነፋስ ጋር ያጣላው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ዝናብ ቢደበድበው ከታዛ ሥር ቆሞ ይስቃል፤ ፀሐይ ቢያከስለው ጋዜጣ አናቱ ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል፤ በሚከንፍ መኪና ፊት እጁን ዘርግቶ አስፋልት ያቋርጣል። በታክሲ መስኮት በኩል ጣት የማታህል ነፋስ ሽው ያለች ዕለት ግን አለቀለት። «ኧረ ዝጉት፣ ልታስመቱን ነው!» ይላል። ነፋስ በእኛ አፍ አይነፍስም፤ ይመታል። ዱላ ይዞ ጥግ ላይ የሚያደባ ጎረምሳ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በክረምት መስኮቱን ጥርቅም አድርገን፣ አንዳችን የተነፈስነውን ሌላችን እየተቀበልን፣ በእርጥብ ጃኬት ሽታ ታፍነን፣ ጤናችንን እየጠበቅን ከጊዮርጊስ ስድስት ኪሎ እንደርሳለን።

እኔም ከናንተው ነኝ፤ አትቀየሙኝ። የማጫውታችሁ ግን ስለ ታክሲ አይደለም። ስለምሠራበት ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካ ስላችሁ ሰማይ የሚነካ የጭስ ማውጫ እንዳትፈልጉ። የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ፣ ዙሪያው ፈርሶ እሱ ብቻ የቀረ፣ ግንቡ ወፍራም፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አንድ አሮጌ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ የሴት ጫማ እንሠራለን። ባለቤቷ ሮማን «ፋብሪካዬ» ስለምትለው እኛም ፋብሪካ እንለዋለን። ሥራ የቀጠሩኝ አባቷ ነበሩ፤ እሷን ከነደብተር ቦርሳዋ ስለማውቃት እስከ ዛሬ «አንቺ» ነው የምላት። እኔ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ፣ በእኛ አጠራር ቶማያውን፣ በመኪና እሰፋለሁ። ቆዳውን የሚቆርጡልኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። የሰፋሁትን ከሶሉ ጋር በማስቲሽ የምታጣብቀው ሐያት ናት። ሌሎችም አሉ፤ ለዛሬ ጨዋታችን ግን እነዚህ ይበቁናል።

ሐያት ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ አራዳ የወለዷት ልጅ ናት። ብሩሹን ማስቲሹ ውስጥ እየነከረች ሶል ስትቀባ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ጋሽ ወልዴ፣ የጊዮርጊስን ደጅ ሳይስሙ ሥራ የማይገቡት ጋሽ ወልዴ፣ መንዙማው ሲቋረጥባቸው ቢላቸውን አስቀምጠው «ሐያቴ፣ ምነው ዝም አልሽ?» ይሏታል።

እኒህ ሰው ነፋስ ሲፈሩ ለጉድ ነው። ምክንያታቸው ግን አያስቅም። በጉልምስናቸው ሚስታቸው ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ቤት ሳለች በሩ ተከፍቶ ዋለ፤ ማታውን ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ አልተነሣችም። ሕፃኗም እናቷን ተከተለች። ጎረቤት ተሰብስቦ «ነፋስ መታት» አለ። ምን እንደመታት ማን ያውቃል? ለቅሶ ቤት የተወረወረ ቃል ግን ሥር ይሰድዳል። ጋሽ ወልዴ ሌላ ሴት አላገቡም። ልጅቷ ብትኖር ከሐያት ብዙ ትበልጥ ነበር፤ ነገር ግን የሞተ ልጅ ዕድሜው በወላጁ እጅ ነው፤ እንደፈለገ ያሳድገዋል፣ እንደፈለገ ያሳንሰዋል። እሳቸው ሐያትን ያዩባት ዓይን ይህ ነበር።

ያለፈው ክረምት ገባ። ውጭው ቁፋሮ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል አቧራ፣ ሲጥል ጭቃ። ሮማን አቧራው ነጭ ጫማዎቿን እንዳያበላሽባት መስኮት ይዘጋ አለች። ጋሽ ወልዴ ትእዛዙን ከሰማይ እንደወረደ ተቀበሉት። በዚያው ሰሞን ሐያት መሳል ጀመረች።

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። ሐያት ሳለች፤ ጋሽ ወልዴ መስኮቱን ጠበቅ አድርገው ዘጉ። መስኮቱ ጠበቀ፤ ሐያት የባሰ ሳለች። ጋሽ ወልዴ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀጠቁት። ሐያት ራሴን አለች፤ ጋሽ ወልዴ «ምች ነው» ብለው በማግስቱ ከደጃቸው ዳማ ከሴ ቀንጥሰው መጡ። በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ፍቅር ዓይኑ ሲጋረድ እንዲህ ነው፤ የሚያፍነውን ሰው ያቅፋል።

እኛ ሌሎቻችንም ደህና አልነበርንም። ጠዋት ጠዋት ሰው ነን፤ ከምሳ በኋላ ቤቱ ይከብደናል። ዓይኔ መርፌው ላይ ፈዝዞ ይቀራል፤ ቀጥ ማለት የነበረበት ስፌት እንደ አራዳ ጠመዝማዛ መንገድ ዞሮ ዞሮ ይመጣል። የተለጠፈ ሶል ሱቅ ደርሶ አፉን ይከፍታል። ሮማን በቁጣ እየገባች «ምንድነው የነካችሁ?» ትለናለች። በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘሁት አለች፤ ሽሮ ነው። ሽሮ ያስተኛል! ምሳ ሰዓታችንን አሸጋሸገች፤ ሻይ አስመጣች፤ እንቅልፍ እንዲያባርርልን ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ከፈተች። በሙዚቃውም እያንቀላፋን ሠራን። አንድ ቀን አንድ ደንበኛዋ የተመለሰ ጫማ ፊቷ ላይ ዘርግፎ ሄደ። ያን ዕለት ሮማን ወደ ሐያት ጠረጴዛ እያየች «ማጣበቂያው ላይ ሌላ ሰው ማየቴ አይቀርም» ስትል ሰማን።

ሐያትን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ደረቷን አዳመጠና ሥራዋን ጠየቃት። ነገረችው።

«የምትሠሪበት ክፍል መስኮት አለው?»

«አለው።»

«ይከፈታል?»

ሐያት እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

የማስቲሹ ትነት ሳንባዋን እያስቆጣው እንደሆነ፣ ለጊዜው ከሽታው ርቃ ብትቆይና ቤቱ አየር ቢያገኝ እንደሚሻላት፣ እንዲሁ ከቀጠለች ግን እንደሚብስባት አስረድቶ ሸኘን። ጊዮርጊስ አጥር ጥግ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ለጋሽ ወልዴ እንዳትነግሪያቸው።»

«እብድ ነሽ እንዴ? መስኮቱን ይክፈቱልን እንጂ!»

«የሚዘጉት ለኔ ብለው እኮ ነው። ‹እርስዎ ነዎት ያሳመሙኝ› እንዴት ይባላል? አንዴ ሰው ሞቶባቸዋል። ደግሞ በኔ ይዘኑ?»

«ታዲያ አንቺ ልትሞቺ ነው?»

«ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሥራ በመንገድ ላይ የወደቀ ይመስል።

ክርክሩን ተውኩት። ደግ ሰው ሲያከራክር ጥሩ መልስ አይገኝም። ለእሳቸውም ለሮማንም ላልናገር ቃል ገብቼላት ተመለስኩ።

ከዚያ በሠፈሩ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ ተባለና ቶሎ የሚመለስ አልሆነም። ጨለማ ውስጥ መሥራት ስላልቻልን ዕቃችንን አውጥተን ግቢው ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀመጥን። ሮማን ከዕቃ ቤት የአባቷን የእግር መኪና አስወጥታ ሰጠችኝ። ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወንበራቸውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አዙረው ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ሐያትን መጋረዳቸው ነበር።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሥራው ሰመረ! በእግር እየረገጥኩ በኤሌክትሪክ ከሰፋሁት የበለጠ ሰፋሁ። ስፌቴ ቀጥ አለ፣ ሶሉ ነክሶ ያዘ፣ ከምሳ በኋላ የሚያዛጋ ጠፋ። ሽሮውም ያው ሽሮ ነበር። ሐያት ከነሳሏ መንዙማዋን ጀመረች። ሮማን መሐላችን ቆማ የተደረደረውን ጫማ አየች፣ እኛን አየች፣ የጠፋውን አምፖል አየች።

«እናንተ ሰዎች፣ መብራት ሲጠፋ ነው እንዴ የሚበራላችሁ?»

ሮማን ቁጡ ትሁን እንጂ ሞኝ አይደለችም። ነገሩ ሲከነክናት ከረመና መብራት መጥቶ ወደ ውስጥ ስንመለስ ስድስት ኪሎ የሚያስተምር የእህቷን ልጅ ጠራችው። ልጁ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጎ የሚሄድ መስሎን ነበር፤ ወንበር ስቦ ከሰዓቱን ሙሉ አብሮን ዋለ። መጀመሪያ አወራን። ቀጥሎ ዝም አለ። ቀጥሎ አዛጋ። ቀጥሎ ግንባሩን ያሽ ጀመር።

«እኔንም አመመኝ» አለ በመጨረሻ። ከመኪናዬ ላይ ክር በጥሶ ሐያት ጠረጴዛ አጠገብ አንጠለጠለው። ክሩ ግድግዳ ላይ እንደተሳለ ሁሉ ንቅንቅ አላለም።

«ተመልከቺ አክስቴ፣ አየሩ ቆሟል። የማስቲሹ ትነት መውጫ አጥቶ እዚሁ ተኝቷል። ሰዎችሽ ሰነፎች አይደሉም፤ ሰክረው ነው የሚውሉት።» ከዚያም ሐያት ከምትሠራበት አጠገብ ሽታውን ስቦ ወደ ውጭ የሚጥል ቬንትሌተር እንዲገጠም፣ ንጹሕ አየር እንዲገባ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው መስኮት እንዲከፈት፣ ለአቧራው ወንፊት እንዲደረግለት ተናገረ። ሮማን «እሺ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ወልዴ ቢላቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«መስኮቱ አይከፈትም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምለው...»

«የምትለውን ሰምቻለሁ ልጄ። በዚህች በታመመች ልጅ ላይ ነፋስ ልትለቁባት ነው። እኔ ቆሜ አይደረግም። የምታደርጉት ከሆነ ደግሞ እኔን አሰናብቱኝ።»

ሮማን ደነገጠች። እሳቸው እሷን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ያኔ ሐያት ብሩሿን አስቀምጣ መጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር።»

«መቼ? ምን አለሽ?»

«መስኮት አለ ወይ አለኝ።»

«እሺ።»

«አለ አልኩት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያ ያለው አልወጣ አላት። ጋሽ ወልዴ እሷን አዩ፣ ዞረው እኔን አዩ፣ ከዚያ መስኮቱን አዩ፤ በገዛ እጃቸው የጠቀጠቁትን ጨርቅ። አንድ ሰው ቆሞ ሳለ ሲያረጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ በቀስታ።

«ኧረ በአላህ!» ብላ እጃቸውን ያዘችው። «እርስዎ ባይኖሩ ማን ሊያዝንልኝ ነበር? ግን ጋሽ ወልዴ፣ የሚጎዳኝ ከውጭ የሚገባው አይደለም። ከውስጥ የማይወጣው ነው።»

ጋሽ ወልዴ እጇን ቀስ አድርገው ለቀቁ። ወደ መስኮቱ ሄደው ጨርቁን እየመዘዙ ጣሉት። እንጨቱ በዝናብ አብጦ አልከፈት አላቸው። የሮማን የእህት ልጅ ሊያግዛቸው ተጠጋ፤ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት። በትከሻቸው ገፉት። ተከፈተ። የክረምት ብርድ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ዘው ብሎ ገባ። አሮጌው ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመስኮቱና በሐያት መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ምቱን ሊቀበሉላት። ምንም አልመታቸውም። ዓይናቸውን ገለጡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና ወደ ቆዳቸው ተመለሱ።

ሐያት እስኪሻላት ቤቷ ከረመች፤ ሮማን ቦታዋን ጠበቀችላት። ቬንትሌተሩ ሲገጠም ጋሽ ወልዴ ከሥሩ ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ሠራተኞቹ ሲሄዱ የሮማንን የእህት ልጅ ወደ ጥግ ጠሩት። እኔ መኪናዬን ዘይት እየቀባሁ ስለነበር ሰማሁ።

«ልጄ፣ በር ተከፍቶ መዋሉ አራስ ይገድላል?»

ልጁ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም ጋሼ። ግን አራስ ከወሊድ በኋላ የሚይዛት ትኩሳት አለ፤ ከነፋስ የሚመጣ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በሩን ከፍቼ የወጣሁት እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «‹ቤቱ ታፈነ፣ በሩን ክፍቱን ተወው› ስትለኝ እሺ ብያት።»

ልጁ ጠጋ አላቸው። እጁን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። እኔ ዘይት የጠገበውን መኪና እንደገና ዘይት ቀባሁት። ይህን ሁሉ ዘመን መስኮት ሲዘጉ የኖሩት ያንን አንድ በር ለመዝጋት ነበር ለካ።

ዛሬ ከሰዓታችንና ጠዋታችን አይለይም። የተመለሰ ጫማ ብርቅ ሆኗል። ሐያት ድና ገብታለች፤ «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው። ሮማን ለውጡ የመጣው በእሷ ቁጥጥር እንደሆነ ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ እኛም አንከራከራትም፤ ቬንትሌተሩን የገዛችው እሷ ናት።

አልነገርኳችሁም እንጂ ጋሽ ወልዴም ለዘመናት ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ስለሚስሉ ማናችንም በሽታ ነው ብለን አስበነው አናውቅም፤ የድምፃቸው አንድ ክፍል መስሎን ነበር። እሱም ጠፋ። በቀደም «ጋሽ ወልዴ፣ አየሩ እኮ ለርስዎም በጀዎት» ብላቸው ተቆጡኝ።

«የምን አየር? ያ ማሽን ከመጣ ጀምሮ ነፋሱ እንዳይጥለኝ ብዬ በየጠዋቱ የጊዮርጊስን ጠበል እየጠጣሁ እኮ ነው! ጠበሉ ነው።»

ሐያት ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እኔም «ልክ ነዎት» አልኳቸው። ምን ቸገረኝ? ሳሉ ወጥቶ ሄዷል፤ በየትኛው በር እንደወጣ እሱ ይወቀው።