በቅሎ እምቢ ያልኩ ቀን

እናንተዬ፣ ወፍራም ሰው የሚከበረው ሲቀመጥ ብቻ ነው። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሲያየኝ «ጌታዬ» የሚለኝ የቢሯችን ዘበኛ፣ ደረጃ ስወጣ ሲያየኝ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ይሳቅ፤ ራሴን ደረጃ ስወጣ ባየው እኔም በሳቅሁ።

ታዲያ ደባርቅ ያለው መሥሪያ ቤታችን ለአምባራስ ጤና ኬላ የፀሐይ መብራት እናስገባ ብሎ የተራራ ጉዞ አዘጋጀ። የኬላዋ ነርስ እናኑ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣባት ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነው አሉ የምታዋልደው። ይህን ሰምቶ ማን አልሄድም ይላል? መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ የሚሰጡት ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የሶላር ነጋዴ። ግን ተንኮለኛ ቀልደኛ ናቸውና አንድ ነገር ጠየቁ፦ ከመኪናው ወርዳችሁ እስከ ኬላው ሁላችሁም በእግራችሁ ትወጣላችሁ፤ አንድ ሰው እንኳ በቅሎ ላይ ከወጣ ሶላሩ ከመኪናው አይወርድም አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። የአምባራስ ወላድ ሁሉ መብራት በእኔ ጉልበት ላይ ወደቀላችሁ!

መኪናው ሲቆም ጓደኞቼ እንደ ጭላዳ እየዘለሉ ጠፉ። ሐጂም ከነዕድሜያቸው ከፊት። እኔ ከኋላ፣ ብቻዬን፣ እያለከለክሁ። የስሜንን ዳገት ታውቁታላችሁ? አለቀ ስትሉት ሌላ ዳገት ይወልዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ከእንቁላል አላንስም እያልሁ ወጣሁ።

ሰፈሩ ሊታይ ሲል አገሬው ከኋላ የቀረሁትን እኔን ሊቀበል ወረደ። ከፊት ቄሱ፣ አባ ወርቁ፤ ከኋላቸው ኮርቻ የተጫነች በቅሎ። ለማን? ለእኔ! ውፍረቴን አይተው አለቃው ይሄ ነው ብለዋላ። በእግሬ ነው የምሄደው አልኋቸው። ሳቁ። ደግሜ እምቢ ስል ፊታቸው ጠቆረ። እንግዳ በቅሎ ቀርቦለት አልወጣም ካለ ቂም ይዟል ማለት ነው። ምን በድለንህ ነው ይላል አንዱ። ላስረዳ ብል ትንፋሽ ከየት ይምጣ! አንድ ሽማግሌማ ይባስ ብለው ድንጋይ አንስተው ተሸከሙ፤ ይቅርታ ሊለምኑኝ። ወይ ጉዴ!

በመጨረሻ አባ ወርቁ መስቀላቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ በዚህ መስቀል ገዝቼሃለሁ፣ ውጣ!»

በሉ ፍረዱኝ። ብወጣ መብራቱ ቀረ፤ ባልወጣ ግዝት ጣስሁ። አለቀስሁ ብላችሁስ? እውነቴን ነው፣ አለቀስሁ። እያለቀስሁ አንድ እግሬን እርካቡ ላይ አደረግሁ።

ያዳነችኝ እናኑ ናት። ቀድመው ከደረሱት ነገሩን ሰምታ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ቁልቁል እየሮጠች መጣች።

«አባ! ኧረ ይተዉት! እሱ በቅሎ ላይ ከወጣ መብራታችን ቀረ!»

ይኼኔ አገሬው ተገለበጠ። ሽማግሌው ድንጋዩን ጣሉ። አንዱ በቅሎዋን እየጎተተ ከዓይኔ አራቃት። አባም ያንን ፈትቼሃለሁ፣ አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ካልፈታሁህ በቀር በቅሎ ላይ እንዳትወጣ ገዝቼሃለሁ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያሳርፈኝ? ቁጭ ልበል ስል «ተነሣ እንጂ ሰውዬ!» ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ይገፉኛል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ያ ሁሉ ክብር ባንዴ የት ገባ?

ብቻ ደረስሁ። ሐጂ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አባ ደግሞ «ተመስገን»። ሶላሩን ያቺው በቅሎ ከመኪናው አመጣችው። አመሻሹ ላይ የማዋለጃው ክፍል ቦግ ሲል እናኑ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እፎይ! እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በነጋታው ለመልስ ጉዞ የሰፈሩ በቅሎ ሁሉ ተጭኖ ቀረበ። የሐጂ ክልከላ ለመውጫው እንጂ ለመውረጃው አልነበረማ። ባልደረቦቼ ተራ በተራ ወጡ። ሐጂም ወጡ። እኔ ግዝቱን ይፍቱልኝ ብዬ አባ ወርቁን ባፈላልግ፣ በሌሊት ተነሥተው ማዶ መንደር ተዝካር ሄደዋል አሉኝ።

በበቅሎ። በዚያችው በእኔ በቅሎ።