ሊቀ ሞተር ኪዳነ ማርያም በጣርማበር ኬላ

ኮፈኑ ተከፍቶ ብቻውን የሚቆም መኪና በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ዝናብም ይዝነብ፣ ጠላትም ይግባ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩ ላይ የሚያጎነብስ፣ ራሱን እየነቀነቀ ባለመኪናውን እንደ ሐዘንተኛ የሚያይ አንድ ሰው ከመሬት ይበቅላል። በጣሊያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ክቡር ኪዳነ ማርያም ነበሩ። የሾማቸው የለም። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ሰው አውቶሞቢል ሌሊት ሌሊት ሲጠብቁ ከርመዋል፤ ብርዱ ሲጠናባቸው ውስጡ ገብተው ይተኙ ነበር። ከሞተር ጋር ያደረ የሞተርን ጠባይ ያውቃል ባይ ናቸው። ከተማው ሊቀ ሞተር አላቸው፤ ሽሙጥ መሆኑን ሳይጠረጥሩ በደስታ ተቀበሉት።

የማያውቁት በሽታ አልነበረም። “ገና ሲያስል አውቄዋለሁ” ይላሉ፣ ስላላሳለውም ነገር። ወፍጮ ቢያንቋርር ድንጋዩን ዘይት አጠጡት ብለው የሰፈሩ ዱቄት ሁሉ ኑግ ኑግ እንዲሸት አደረጉ። የአንድ ቄስ ሰዓት ቢቆም ብርድ መትቶት ነው ብለው ምድጃ ዳር አስቀመጡት፤ ቄሱ ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚያዩት በፀሐይ ነው።

ዓወል ይህን ሁሉ ሰምቷል። የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ የአጎቱን የነጋዴውን የሸሪፍን አሮጌ መኪና እየነዳ ጨውና በርበሬ ያመላልሳል። ያን ቀን የጫነው ግን ሌላ ነበር። ከኋላው መቀመጫ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጥይት አለ። ከላዩ በሰለች ተቀምጣለች፤ ባሏ ከደብረ ሲና በታች ቆላውን ይዘው ከሚዋጉት አርበኞች አንዱ ነው። ደብረ ሲና ከደረሱ የሚረከባቸው ሰው አለ። መንገድ ላይ ከተያዙ ግን ስቅላት ነው።

ገና ከደብረ ብርሃን ሳይወጡ መኪናው አመለኛ ሆነ። ዓወል እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ቢያነሳም ሞተሩ መጮኹን አልተወም። አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። ከመርገጫው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ዘንግ ፈትቶ፣ ቤንዚንና አየር የሚያሳልፈውን ክዳን በእጁ ከፍቶ ለቀቀው። ሞላው፣ ያ ጥምዝ ሽቦ፣ ስቦት ወዲያው መዘጋት የነበረበት ክዳን እንደተከፈተ ቀረ። ጥፋቱ እንግዲህ ከመርገጫው አይደለም፤ ወይ ክዳኑ የሚዞርበት ቦታ ቆሻሻ ይዞታል፣ ወይ ሞላው ደክሟል። ይህን እያሰበ ሳለ ጥላ አረፈበት።

“ውሃ ነው” አሉ ሊቀ ሞተር። “ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል። ገና ሲያስል አውቄዋለሁ።”

“አላሳለም እኮ ጋሼ። ያስቸገረኝ ጩኸቱ ነው።”

“ጩኸት የሳል ታላቅ ወንድም ነው።”

ዓወል ክዳኑ የሚዞርበትን ቦታ በቤንዚን አጥቦ ቢሞክረው እሺ ብሎ ተመለሰ፤ ዘንጉንም መልሶ ገጠመው። ሊቀ ሞተር ምስጋናውን ለራሳቸው ወሰዱና እንዲህ ያለ በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይሄድም ብለው ፊት ወንበር ላይ ገቡ። በሰለች ዓወልን በዓይኗ ለመነችው። እሱ ግን ማዶ የቆሙት የጣሊያን ወታደሮች ወደ እነሱ ማየት መጀመራቸውን አይቷል፤ ሽማግሌ ጎትቶ ለማስወረድ የማይሆን ሰዓት ነበር።

እስከ ጣርማበር ድረስ ሊቀ ሞተር ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ማርሽ፣ ስለ ጎማ ክፋት ሰበኩ። በሰለች ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠመጠመች። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ጋለ፤ ኬላው ፊት ለፊት ሲታይ ክዳኑ ተከፍቶ ቀረና ሞተሩ እያጓራ መንገዱን ወደዘጋው እንጨት ወሰዳቸው። ወታደሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ። ዓወል ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬን ላይ ቆመበት፤ መኪናው እንጨቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ።

የኬላው አለቃ ጢሙን ያሾለ ጣሊያን ነው። በተሰባበረ አማርኛ ሁሉም እንዲወርድ፣ መቀመጫውም እንዲነሳ አዘዘ። በሰለች አሞኛል ብላ ከቦታዋ አልተነሳችም።

ሊቀ ሞተር ግን ኬላም ጠመንጃም አልታያቸው። ወርደው ኮፈኑን ከፍተዋል።

“ካርቡራቶሬ ማላቶ” አሉ አለቃውን። ታሟል ማለታቸው ነው። “አኳ።” ውሃ ማለታቸው ነው።

አለቃው ወደ መቀመጫው ሲራመድ ቆም አለ። ተመልሶ መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ለካ ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ሰው ለእኛ ብቻ አልሰጠም። አኳ አይደለም፣ ሞላ ነው አለ። ሊቀ ሞተር አኳ ነው አሉ። እሱ ቀላ፤ እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ዳኝነት ሊሰሙ ከበቡ።

ዓወል እውነቱ ከጣሊያኑ ጋር እንደሆነ ያውቃል። ነገሩ ቶሎ ካለቀ ደግሞ መቀመጫው ይታወሳል።

“እኔም ውሃ ይመስለኛል” አለ ጮክ ብሎ።

ይህ አለቃውን አሳበደው። ሄዶ ከዕቃ ሳጥኑ አዲስ ሞላ አመጣ፤ እጅጌውን ሰብስቦ በገዛ እጁ አሰረው። ክዳኑን ከፍቶ ሲለቀው ጠብ ብሎ ተዘጋ። ሞተሩን አስነስቶ አስጮኸና አበረደው። ከዚያ ድል ባደረገ ሰው ደስታ እንጨቱን ራሱ አነሳና፣ ሞላ ማለት ምን እንደሆነ ለሽማግሌው በመንገድ እንዲያስረዳ ዓወልን አዝዞ ሸኛቸው። አርበኛ የሚታጠቀውን ጥይት የጫነ መኪና በገዛ መንግሥቱ ዕቃ ጠግኖ አሳለፈ።

ደብረ ሲና፣ በተረካቢው ግቢ ውስጥ መቀመጫው ሲነሳ ሊቀ ሞተር ጣሊያኑ ሞላውን ያሰረው አዙሮ መሆኑን በማስረዳት ላይ ነበሩ። ጥይቱን አዩ። ንግግራቸው መሃል ላይ ቀረ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዓወል ኬላው ላይ ሆን ብለው ብልሃት ያደረጉ መስሎት ነበር፤ ለካ አንዳች አያውቁም፤ ጠመንጃ ፊት የቆሙት ለካርቡራተር ብቻ ነው።

በሰለች ውሃ አምጥታ ራሷ አጠጣቻቸው። “እርስዎ ባይኖሩ እኔና ዓወል እዚያው ኬላ እንቀር ነበር” አለቻቸው። እሷ ደብረ ሲና ቀረች፤ ወደ ባሏ የሚወስዳት ሰው መጥቷል።

ሲመለሱ ሊቀ ሞተር አልተናገሩም። የኬላው አለቃ በእጁ ሰላምታ አሳለፋቸው፤ ዝም። ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለ፤ ዝም። ዓወል ጠዋት ይህን ዝምታ አላህን ሲለምን ነበር፤ አሁን ግን ከበደው። ጎኑ የተቀመጡት ሰው በአንድ ቀን አርጅተውበታል።

“ጋሼ፣ ፍሬኑስ እንዴት ይታይዎታል?” አላቸው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘነበሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ወደ ግራ ይስባል” አሉ። “ይህን እኮ ቀድሞም ልነግርህ ነበር።”

ፍሬኑ እንከን አልነበረበትም። ዓወል መኪናውን ቀስ አድርጎ እየነዳ፣ ለምን ወደ ግራ እንደሚስብ ከሥር ከመሠረቱ እንዲያስረዱት ለመናቸው።