ባና ይዞ በረሃ የወረደው ወታደር

ሰው ሲሞት ጠባዩ ይሻሻላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በቁሙ ሰፈሩን ያስመረረ ሰው እንኳ ቀብሩ ላይ ትሑትና ቁጥብ ሆኖ ይገኛል። ሟቹ ወታደር ከሆነማ አይጣል ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ጠመንጃ አንግቶ የወጣ ይመስላል። ሌላውን ማማቴ አይደለም። እኔው ራሴ እንዲህ ያለ ውዳሴ ጽፌአለሁ።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የእመት ብርቄ ልጅ ተክሌ ኦጋዴን ጠረፍ ላይ አገሩን ሲጠብቅ በሃያ አንድ ዓመቱ ወደቀ። ዘመዶቹ ለተዝካሩ ንግግር እንዳዘጋጅ ለመኑኝ። ተክሌን አላውቀውም፤ አማርኛ ግን አውቃለሁ። ዳሱ ውስጥ ቆሜ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዝምተኛና ታዛዥ የነበረው ይህ አንበሳ...» ብዬ ስጀምር እመት ብርቄ ቀና አሉ።

«አስተማሪ፣ ስለ ማን ነው የምታነበው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «የኔ ልጅ ዝም ብሎ አያውቅም። ሞቱን ከሰማሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የማላውቀውን ልጅ እያመጣ ያስለቅሰኛል። የራሴን ስጡኝ።»

ወረቀቴን አጠፍኩ።

ከሀፍረት ያወጣኝ ከተክሌ ጋር የዘመተ አንድ አሥር አለቃ ነው። ከጥግ ተነሥቶ፣ ተክሌ እናቱ ከበግ ጠጉር ፈትለው ያሠሩለትን ወፍራም የብርድ ልብስ፣ ባናውን ተሸክሞ እዚያ የእሳት አገር መውረዱን ይተርክ ጀመር። አዛዡ ጣለው ቢለው፣ «እናቴ የት አደረስከው ስትለኝ እርስዎ ይመልሱልኛል?» አለው። ጦሩ ሁሉ ሳቀበት። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ባናውን በአራት እንጨት ወጠረው፤ የሳቁበት ሁሉ ጥላው ሥር ለመግባት ተጋፉ። እሱም፣ የመንዝ ብርድ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፣ ተራ ያዙ እያለ ያሾፍባቸው ነበር። በውጊያው ቀን አንድ ቁስለኛ ጎትቶ አተረፈ። ሁለተኛውን ሊያመጣ ሲመለስ ጥይት አገኘው።

እመት ብርቄ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «እሱ ነው» አሉ፤ «አሁን ልጄ መጣ።» ዳሱ በሙሉ ተከተላቸው። ቄሱ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

አሥር አለቃው በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ሊመለስ አስቦ ነበር። እመት ብርቄ ግን ስለ ልጄ አውራኝ እያሉ ሦስት ቀን አልለቀቁትም። በሦስተኛው ቀን የሚያውቀው አልቆበት መሰለኝ፣ ከራሱ መጨመር ጀመረ። እሳቸውም ነቅተውበታል።

«ይህንን እንኳ የኔ ልጅ አላደረገም» አሉት እየሳቁ። «ግን ቀጥል።»